ጳጉሜን 6

ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ጠዋት የተነሣው ባቡር ወደ ቆላው ሲወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። መተሐራ ላይ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ከመስኮቱ ማዶ ተንጣሎ ይታያል። ቀኑ ዓርብ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ አንዲት ነርስ ስትሠራበት ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። አለቃዬ "ላፕቶፕሽን ያዥና ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩበት ሰዎች ጋ እየዞርሽ እዪ" ሲለኝ ከዚያ በፊት ከተሰጠኝ ሥራ ሁሉ የበለጠ ደስ አለኝ።

ድሬዳዋን የወለዳት ሐዲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው የባቡር መስመር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለሚከብደው ከግርጌው አለፈ፣ ባቡሩ በቆመበትም ከተማ በቀለ። የዛሬው ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሏል። በባጃጅ ገባሁና ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ አጠገብ ማረፊያ ያዝኩ። ቅዳሜና እሑድን ሙቀቱን ስለማመድ ከረምኩ።

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ ከአንዲት አዋላጅ ነርስ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሌሊቱን አንድ ወንድ ልጅ ተወልዷል። የቢሲጂ ክትባቱን ሰጥታው መጣችና ታብሌቱ ላይ የልደት ቀኑን አስገባች፤ ጳጉሜን 6፣ 2015። "የተሳሳተ ቀን" የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። እንደገና ሞከረች። ሦስተኛ አልሞከረችም፤ ቀኑን አጥፍታ መስከረም 1፣ 2016 ብላ ጻፈችና "አስቀምጥ" የሚለውን ነካች።

"ቆይ እህቴ፣ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"አልቀበልም አለ። ነገ እለዋለሁ፣ ምን ላርግ አቦ? የሠራው ሰው ጳጉሜን 6 መኖሯን አያውቅም መሰለኝ።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወንበሯን ለቀቀችልኝና "እንኪ፣ ቁጭ በይና አስተካክዪው" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣ በላይ ከበደኝ። ለክትባቱ የአንድ ቀን ልዩነት ችግር የለውም፤ ቀጣዩ በ6 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ10 እና በ14 ሳምንቱ ነው። ነገር ግን በዚያች አንዲት ቀን ምክንያት ልጁ የተወለደበት ዓመት ራሱ ተለወጠ።

ኮዱን ከፈትኩት። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ጳጉሜን 6 ትሁን ብዬ ጽፌአለሁ፤ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ሳላስተውለው ወደ እኛው አምጥቼ። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። መፈተኛ ብለን ያስገባናቸው ቀኖች ሁሉ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉ ነበሩ፤ ጳጉሜን ላይ የሞከረ የለም።

በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሠራ፣ ሁሉም ሰው አባባ የሚላቸው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ምን እንደገጠመኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ዘንድሮ እኮ ሉቃስ ነው" አሉኝ።

አልገባኝም። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። አጎንብሰው በጣታቸው አቧራው ላይ ጻፉልኝ። "ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪ። 7515 መጣልሽ? ለ4 አካፍዪው። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው።" ሠራሁት፤ 1878 ደርሶ 3 ተረፈ። እሳቸው ግን አላቆሙም። ለ19 እያካፈሉ ወንበር ወደሚሉት ቁጥር፣ ከወንበር ወደ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ከዚያም የፋሲካ ጾም የሚገባበትን ቀን ወደ ማግኘቱ ሄዱ። እኔ እዚያ ሳልደርስ ቀረሁ፤ ጣታቸውን ብቻ እያየሁ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክህነት የዘመን ቀመር ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ አልጎሪዝም ብለው ያስተማሩኝ ነገር መሆኑ ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልመጣልኝም። ያረምኩት ኮድ አንድ መስመር ነው። የተጻፈውም እሳቸው እንዳሉት ነው።

የልጁን ቀን አስተካከልን። ሶፍትዌሩ የሚሠራባቸው ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ከበዓሉ በኋላ ደወልን። መስከረም 1 ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ የትኛው በእውነት መስከረም 1 እንደተወለደ በአንዳንዱ ቦታ ሊነግረን የቻለ ሰው አልተገኘም። እነዚያ ልጆች አሁንም ያሳስቡኛል።

ድሬዳዋ ያሰብኩትን ሁለት ሳምንት አልፌ እስከ ጥቅምት ቆየሁ፤ ምክንያቱ የስም ነገር ነው። ለኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል ሀን፣ ሐንና ኀን በየራሳቸው ቁጥር አስቀመጣቸው። ትክክልም ነበር። ለኮምፒውተሩ ግን "ሀሊማ" እና "ሐሊማ" ሁለት ሰዎች ሆኑ። አንዷ ነርስ በአንዱ ትመዘግባለች፣ ሌላዋ በሌላው ትፈልጋለች፣ "አልተገኘም" ይላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ ልጁም ያልተከተበ ይመስላል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። መሐመድን ስንት ዓይነት ተጽፎ እንዳገኘሁት መቁጠር ተውኩ። እናቲቱ ኦሮሞ ወይም ሶማሌ ከሆነች ደግሞ ሌላ ቦታ የወጣው ካርዷ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ፍለጋው ድምፀ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲያይ አደረግሁ፤ የተጻፈውን ስም ግን አልነካሁትም። አንዳንድ ባልደረቦቼ "ሁሉንም ወደ አንዱ ፊደል ቀይረን እናስቀምጥ" ብለው ነበር። አልተስማማሁም፤ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው።

በኅዳር ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። ሐይቆቹ፣ አባያና ጫሞ፣ ከሥር እያነሱ ይሄዳሉ፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ጭጋግ ይውጥሻል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቤተሰብ ማህደሮቹን በቦርሳዋ፣ ታብሌቷን በነጠላዋ ሥር ይዛ ከቀርከሃ ቤት ቀርከሃ ቤት ስትሄድ ተከተልኳት። ጋሞኛ አልችልም፤ እሷ ናት የምትተረጉምልኝ። ማታ ማታ መረጃውን ለመላክ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ትወጣለች። እዚያ ቆማ በብርድ ስትጠብቅ አየሁ፤ የኔ ሶፍትዌር ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው እንደገና ይልካል። ቢሮ ውስጥ ያ አንድ ደቂቃ ነው፤ እዚያ ግን እራት ሰዓቷን በላባት። ከቆመበት እንዲቀጥል ያደረግሁት እዚያው ጨንቻ፣ እሳት ዳር ተቀምጬ ነው።

የእናቴን አገር ጎንደርን በዕቅዴ ይዤ ነበር፤ ጦርነቱ አላሳለፈኝም። ጅማ ሦስት ቀን ብቻ አደርኩ፤ ሥራው እዚያ ያለ እኔ ደህና ይሄድ ነበር።

በየካቲት ናይሮቢ ለስልጠና ሄድኩ። መግቢያው ላይ የቤተሰብ ስም አምጪ አሉኝ፤ የአያቴን ስም ጻፍኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ በአያቴ ስም ስጠራ ሰነበትኩ። ግን የማልረሳው ሌላ ነው። አንድ ኬንያዊ ፕሮግራመር ከጓደኛው ጋር በስዋሂሊ ቀጠሮ ሲይዝ "ሳ ታቱ" ሲል ሰማሁት። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። "ሦስት ሰዓት" አለኝ፤ ስልኩ ላይ የሚታየው ግን 9 ነው። እነሱም እንደኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ! ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጁን ጨበጥኩት፤ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እስካስረዳው ግራ ገባው። ከዚያ ስልጠናውን ትተን ስለዚህ አወራን። በየቀኑ 6 እየደመሩና እየቀነሱ ነው የሚኖሩት፣ እንደኛው። የነርስ ተራ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል ሲባል የሌሊቱ ነው የቀኑ፣ በማን አቆጣጠር? ያን መደመር ማሽኑ ይሸከመው እንጂ ሌሊት ያላንቀላፋች ሴት ለምን ትሸከመው? ይህን ጥያቄ ከእሱ ጋር እስካሁን እንጻጻፍበታለን።

በጳጉሜን 2016 ድሬዳዋ ተመለስኩ። ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን 5 ላይ አለቀች። አዋላጇ ገና ከበር ስታየኝ "ያንቺ ልጅ መጥቷል" አለችኝ። እናቱ ቫይታሚን ኤ ልታስወስደው ይዛው መጥታለች። አግዳሚውን ይዞ ቆሟል። መዝገቡ ላይ ጳጉሜን 6፣ 2015 ይላል።

"ዘንድሮ ቀኑ የለም አሉኝ" አለችኝ እናቱ። "ልደቱን መቼ ላርግለት?"

አባባ ከበሩ ሆነው "በ2019 ትመጣለች" አሏት።

ታብሌቱን ተቀብዬ ሞከርኩት። ጳጉሜን 6፣ 2016 ስጽፍ አልቀበልም አለ። ጳጉሜን 6፣ 2019 ስጽፍ ተቀበለ። አሳየኋት።

"እስከዛ በአምስቱ አደርግለታለሁ" አለችና አዘለችው። በሻሽዋ ጫፍ ፊቱን ከፀሐዩ ጋርዳ ባጃጅ ወደሚቆምበት ወጣች።