ደግፎ ያቆመኝ መዝሙር

በስልኬ የሚላክልኝን መዝሙር ሁሉ ልስማ ብል ሌላ ሥራ አልሠራም። ላኪዎቹ ወዳጆቼ ናቸው፣ ይባረኩ። ነገር ግን «ይህን ስሚው፣ ትጽናኛለሽ» ተብሎ ብቻ የመጣን መዝሙር እስከ አዝማቹ እንኳ ሳልደርስ የዘጋሁት ስንት ጊዜ ነው! ያንኑ መዝሙር ሰው ፊቴ ተቀምጦ «ያን ክፉ ዓመት በዚህ ነው የተሻገርሁት» ብሎ ሲያዜምልኝ ግን ጆሮዬም ልቤም ይከፈታል። እዚህ ሐዋሳ በሰፈራችን የቤት ኅብረት ውስጥ የመዝሙር ምሽት እንዲኖር የወተወትሁት ለዚህ ነው።

ኅብረታችን ሐሙስ ማታ በየተራ በየቤታችን ይሰበሰባል። ቃል ይጠናል፣ ይጸለያል፣ ቡና ይጠጣል። መዝሙር የዘገዩት እስኪደርሱ ድረስ ጊዜ መግፊያ ሆኖ ነበር። የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ለመዝሙር ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ሰው አንድ መዝሙር ያነሣል፣ መቼ እንደረዳው በጥቂት ቃላት ይናገራል፣ ከዚያ ሁላችንም እንቀበለዋለን። «የምትወዱትን አምጡ» አላልንም፤ እንዲያ ከተባለ ሰው ሰሞኑን የወጣውንና ዜማው የጣመውን ያመጣል። የጠየቅነው በጭንቅ ቀን ደግፎ ያቆማችሁ የትኛው ነው ብለን ነው። ይህን የተጠየቀ ሰው ቶሎ አይመልስም። አንዳንዱ «ለሚቀጥለው ወር ይለፍልኝ» ይላል፤ ይለፍለት።

እማማ የምንላቸው አዛውንት እናት አንድ አሮጌ ደብተር ይዘው መጡ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በክር ተሰፍቷል። ውስጡ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተገለበጡ መዝሙሮች ናቸው፤ አዝማቹ «አዝ» ተብሎ ተለይቷል፣ በሚደገመው ስንኝ ዳር «2 ጊዜ» የሚል አለ። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ሲያመልኩ፣ መዝሙር በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት የታሰሩት የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ዝማሬዎችም ብዙ ቤት የገቡት በካሴት ነው። እማማ ቴፑን ያቆማሉ፣ አንድ ስንኝ ይጽፋሉ፣ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ያጫውታሉ። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ የተበላሸበት ቦታ ሲደርሱ ባዶ ይተዋሉ። ከእነዚህ ባዶዎች አንዱ እስከ ዛሬ አልተሞላም፤ እዚያ ሲደርሱ ዜማውን ብቻ ያንጎራጉሩና ቀጣዩን ስንኝ ይይዛሉ። አንድ ወጣት ወዲያው ከስልኩ ፈልጎ የጎደለውን ቃል አነበበላቸው። አመሰገኑት፣ መረቁት፤ ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ግን አልፈቀዱለትም። «ይህን ሁሉ ዘመን የጸናሁት እንዲሁ ነው» አሉ።

ኪቦርድ የሚጫወትልን ልጅ ጎበዝ ነው፤ አንድ አመል ብቻ አለበት፣ ከፍ አድርጎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨምርበታል። ያኔ አረጋውያኑ አፋቸውን ይዘጋሉ። አሁን መዝሙሩን ያመጣው ሰው በራሱ ድምፅ ያነሣል፣ ኪቦርዱ ፈልጎ ያገኘዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከሚስዮናውያን ጋር የመጡት የቆዩ መዝሙሮች በሰባት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። እነ እማማ ሲዘምሯቸው አንዳንዱን ድምፅ እየዘለሉ ወደ አገራችን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች፣ ወደ ትዝታና ወደ ባቲ ያስጠጓቸዋል። ወጣቶቹ ይህን ስሕተት ይሉታል። እኔ አልልም፤ መዝሙሩ ቤተኛ የሆነው በዚህ ነው።

አንድ ምሽት ነርስ የሆነች እኅታችን የአሜሪካዊውን የሆሬሺዮ ስፓፎርድን መዝሙር አነሣች። ታሪኩን የሚያውቁ ያውቁታል። ስፓፎርድ የቺካጎ ጠበቃ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ሚስቱና አራት ሴቶች ልጆቹ የተሳፈሩባት መርከብ አትላንቲክ ላይ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። አራቱም ልጆች ሞቱ፤ ሚስቱ አና ብቻዋን መትረፏን በቴሌግራም አስታወቀችው። ከዚያ በኋላ ስለ ነፍስ ሰላም የሚናገረውን መዝሙር ጻፈ፤ ፊሊፕ ብሊስ ዜማ ሠራለት፣ በ1876 ታተመ። እኅታችን ስትጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጣዩ ተራ የአንድ ባጃጅ አሽከርካሪ ወንድማችን ነበር። የቤት ኪራይ ተጠራቅሞበት አከራዩን ሲሸሽ የከረመ ሰው ነው፤ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል ሲመላለስ መሪውን ይዞ የሚያዜማት መዝሙር ነበረችው። «ከዚህ በኋላ የእኔ ምን ቁም ነገር አለው?» ብሎ ተራውን ለቀቀ። ያን ቀን የተማርሁት አልጠፋኝም፦ የሌላ ሰው ታላቅ መከራ የቅርቡን ሰው ትንሽ መከራ አፍ ያስይዛል። አሁን እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው መዝሙር የሚነሣው በመጨረሻ ነው። ወንድማችን በቀጣዩ ወር ዘመራት፤ ከእኛ መካከል ኪራይ ያላስጨነቀው ስላልነበረ አዝማቹን ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተቀበልነው።

ከሁሉ ያከራከረን ኀዘን ነው። አንዲት እኅታችን ባሏን ከቀበረች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ ሰው ሁሉ ደማቅ መዝሙር ሊያነሣላት ተሽቀዳደመ። እማማ «ጭብጨባውን ለሌላ ቀን አቆዩት» ብለው ከለከሉ። ትክክል ናቸው። እኛ ወንጌላውያን መጽናናትና መደሰት አንድ ይመስለናል። የዳዊት መጽሐፍ ግን በለቅሶ የተሞላ ነው፤ መዝሙር 42 ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ ብሎ ይጠይቃታል፣ መዝሙር 88 ደግሞ ጭራሽ የምስጋና መደምደሚያ እንኳ የለውም። ስለዚህ ቀስ ያሉ፣ «ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ?» የሚሉ መዝሙሮችን አነሣን። እርስዋ አልዘመረችም። ለወራት እየመጣች ቡናዋን ጠጥታ፣ ሰምታ ትሄድ ነበር፤ ማንም «አንቺስ?» አላላትም። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወህኒ ቤት በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ፣ ሌሎቹ እስረኞች ያደምጡ እንደነበር በሐዋርያት ሥራ 16 ተጽፏል። ዘምሩ ያላቸው የለም።

ስለ ጭብጨባ ከእማማ ጋር የምትስማማ ሌላም ሰው አለች፤ ኦርቶዶክስ የሆነች ጎረቤታችን። ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆንን ሁሉንም ትሰማለች። ቡና ስንጠራት መጥታ «ጭብጨባ አበዛችሁ» አለችን። የሚያቆማትን ስንጠይቃት በዐቢይ ጾም የምትሰማውን የበገና መዝሙር ነገረችን፤ ዐሥሩ አውታር ሲደረደር ጭንቀቷ እንደሚበርድላት። ከስልኳ አሰማችን። ከሁለታችን ቤት ማንም ማንንም ሊያሳምን አልሞከረም፤ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣን።

ሰሞኑን የያዘን ደግሞ ሲዳምኛ ነው። የኅብረታችን ሽማግሌ እናታቸው በሕመም ሳሉ ይዘምሩላቸው የነበረውን መዝሙር አመጡ፤ ከመካከላችን ግማሹ ቋንቋውን አንችልም። የሲዳምኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል ስለሆነ በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉልን። የመጀመሪያውን ቤት ይዘናል፣ ሁለተኛው ይቀረናል። አስተማሪያችን አራተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጃቸው ናት፤ አንድ ድምፅ ብናሳጥር ከመጀመሪያው ታስጀምረናለች፣ አዛውንት ብላ አትምርም።