ካርታው በባልየው ስም ቢሆንስ?

ከአያት ወዲያ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአራብሳም በሉት በየካ አባዶ፣ ትዳር ሲናጋ ሚስት መጀመሪያ የምትሰማው «የቤቱ ካርታ በስሜ ነው፤ ምን አገባሽ!» የሚል ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም።

እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ ተኪዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር፤ ፍቺም በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ፆታ ሳይለይ መሬት ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ይሰጥ አለ፤ ገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ሲደርስ ግን የሚጻፈው የአባወራው ስም ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች እኩል መብት ከሰጠ በኋላ እንኳ የድሮው የቤተሰብ ሕግ ለዓመታት ከነአለቃው ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ሲወተውቱ ከርመው ነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የወጣው።

ከዚያ አዋጅ አንድ አንቀጽ ምረጡ ብንባል 63ን እንመርጣለን። በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ይላል። የማስረዳት ሸክሙ «የግሌ ነው» ባዩ ላይ ነው ማለት ነው። ደመወዝም የጋራ ነው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙ ከጋብቻ በፊት ቢደርስም፣ ወርሃዊ ክፍያው በትዳር ውስጥ ከተከፈለ ክርክር ይነሳል፤ የባንክ ደረሰኙን አትጣሉ። በዕጣ የደረሳት ሴት ብትሆንም ሂሳቡ ያው ነው።

አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ ቤትን ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በላይ መበደርም እንደዚሁ። (ዛሬ 500 ብር ዶሮ አይገዛም፤ አንቀጹ ግን እንዳለ ነው።) ያለ ፈቃዷ ከተሸጠ ውሉ እንዲፈርስ መክሰስ ትችላለች፤ ጊዜው ግን ይሮጣል፦ ካወቀች 6 ወር፣ ምንም ቢሆን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ሽማግሌ ይዞታል» እየተባለ ስድስቱ ወር ያልፋል። ሽማግሌው ይቀጥል፣ ክሱ ግን ይከፈት።

ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። ባል «ወረዳ ከምትመላለሺ» ብሎ ውልና ማስረጃ ይወስዳታል፤ ጸሐፊው በተዘጋጀው ቅጽ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለውን ጨምሮ ያትማል፤ እሷም ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ «አልተስማማሁም» ማለት እጅግ ይከብዳል። እነዚያ ቃላት ሳይወጡ አትፈርሚ። ፈርመሽ ከሆነም ሄደሽ ሻሪው፤ መሻሩንም ለባልየው በጽሑፍ አሳውቂ፤ ቤቱን ሊገዛ የሚደራደር ሰው ካወቅሽም ለእሱም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው «ያላገባ» ማስረጃ ነው። ጋብቻው በሠርግና በሽምግልና ብቻ ተፈጽሞ ወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ፣ ባል ያላገባ አስብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢም በቅን ልቦና ነው የገዛሁት ብሎ ይሟገታል። ጋብቻን ዘግይቶ ማስመዝገብም ይቻላል፤ ዛሬ ነገ አትበሉ። ካርታው ሲወጣ ወይም ሲታደስም የሁለታችሁም ስም እንዲገባ ጠይቁ።

ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ከአቤቱታው ጋር እግድ መጠየቅ፣ እግዱ ሲሰጥ የትእዛዙን ግልባጭ ይዞታ አስተዳደሩ ፋይል ውስጥ ማስገባትና የተቀበሉበትን ቁጥር መያዝ፣ ከዚያ ለውልና ማስረጃ ማድረስ። እግድ ተሰጥቶ ፋይሉ ውስጥ ካልገባ ቦርሳ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው።

ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩም አሉ፤ አብሮ መኖሩ ከ3 ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አዋጅ 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ለገጣፎ ከተሻገራችሁ የሸገር ከተማ ነውና የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ይገዛችኋል፤ አቤቱታ ከማስጻፋችሁ በፊት የትኛው ሕግ እንደሚመለከታችሁ ጠበቃውን ጠይቁ።