በጥቁር ያሸነፍኩበት ቀን

ዛሬ አራት ኪሎ አካባቢ በተካሄደው የቼዝ ውድድር ጥቁር ደረሰኝ። ተጋጣሚዬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወታደራቸውን ወደ ኢ4 ካሬ ሲገፉ ሳላመነታ በሲ5 መለስኩ። ሲሲሊያን የሚባለው የጥቁር መከላከያ! ከዚያ ድራገን የሚባለው መስመር ውስጥ ገባን፤ ሩሲያዊው ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠም ህንዳዊውን አናንድን በጥቁር የረታበት ነው።

እሳቸው ንጉሣቸውን በንግሥቲቱ በኩል ሸሸጉና ወታደሮቻቸውን ወደ እኔ ንጉሥ ማስጠጋት ጀመሩ። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል አሰብኩ። ከዚያ ግንቤን ሰጥቼ ሲ3 ላይ የቆመውን ፈረሳቸውን በላሁ። በሒሳብ ኪሳራ ነው፤ አምስት ነጥብ የሚያወጣ ግንብ ሰጥቶ ሦስት የሚያወጣ ፈረስ መቀበል። ግን ያ ፈረስ የንጉሣቸው አጥር ነበር። ግንቡን በቢ2 ወታደር መልሰው ሲበሉ አጥሩ ፈረሰ። ንግሥቴ ኤ5 ላይ ስትቀመጥ እጃቸው ከቦርዱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የቱን እንደሚያነሱ ጠፋቸው።

የቀረው ብዙ አልፈጀም። ንጉሣቸውን በእርጋታ አጋድመው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ «ጎበዝ ልጄ! በይ ነይ፣ ግንቡን ከሰጠሽበት እንየው» አሉኝ። ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያንን ፈረስ ስናነሳና ስንመልስ አመሸን።