ካርዱ አልተቃጠለም ነበር

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሲያበቃ የእህቴ አሮጌ ላፕቶፕ ወደ 11 ማደግ አልቻለም። እኔም ደሴ ቁጭ ብዬ «ሊኑክስ እጭንልሻለሁ» ብዬ ፎከርኩ። እጄ ላይ የነበረው ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ መጀመሪያ የወጣው የ22.04 ቅጂ ያለበት ፍላሽ ነው። ጭነቱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ድምፁም ካሜራውም ወዲያው ሠሩ፤ አብዛኛው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ጋር ስለሚመጣ እንደ ድሮው ሲዲ ፍለጋ የለም።

ዋይፋይ ግን የለም። «አዳፕተር አልተገኘም» ይላል። ዊንዶውስን ከማጥፋቴ በፊት ከፍላሹ ላይ አስነስቼ ዋይፋዩን መሞከር ነበረብኝ። ችኩል ነኝ።

ኮምቦልቻ ጎበዝ ጥገና ቤት አለ ተባልኩ። ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ፤ በደሴ ብርድ የለበስኩት ጃኬት ታች ስደርስ ሸክም ሆነብኝ። ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ አየት አደረገና «አብሽር ወንድሜ፣ የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሎ ነው» አለኝ። ዩኤስቢ ዋይፋይ ሸጠልኝ። ትናንት ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ የነበረ ካርድ እንዴት በአንድ ሌሊት ይቃጠላል? ይህን የጠየቅኩት ደሴ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

የሸጠልኝም አልሠራም። ቺፑ ሪልቴክ 8821ሲዩ ነው። ይህ ድራይቨር ከርነል ውስጥ የገባው በ6.2 ሲሆን የኔ ከርነል ደግሞ 5.15 ነበር። ለድራይቨር ችግር ሌላ ድራይቨር የሚፈልግ ዕቃ ገዛሁ ማለት ነው።

ማታ ላይ ተርሚናል ከፍቼ ማሽኑ ውስጥ የተሰኩትን (የፒሲአይ) ዕቃዎች ዝርዝር አየሁ። ብሮድኮም 43142 ይላል። ካርዱ ደህና ነው፤ ድራይቨሩ ዝግ (ኮዱ ለሕዝብ ያልተከፈተ) ስለሆነ ከከርነሉ ጋር አይመጣም እንጂ። ስልኬን በኬብል ሰክቼ በዩኤስቢ ቴዘሪንግ ኢንተርኔት ሰጠሁትና «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚለው ውስጥ መረጥኩት። የይለፍ ቃል አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ። ሪስታርት በል አለኝ፣ አልኩ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከሪስታርቱ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ቁልፍ ካልተነካ በ10 ሰከንድ ውስጥ ያልፋል። እኔ ቡና ልቀዳ ተነስቼ ነበር። ስመለስ ኡቡንቱ ተከፍቷል፣ ዋይፋይ የለም። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። አሁንም ሰማያዊው መጣ። ፈራሁትና «ኮንቲኒው ቡት» የሚለውን ነካሁ፤ ከሁሉም ደህና የሚመስለው እሱ ነዋ! ሁለት ሌሊት በዚህ አለቀ። ሞጁሉን (ከርነሉ የሚጭነውን የድራይቨር ፋይል) በእጄ ለማስነሳት ስሞክር «ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልእክት አየሁና ነቃሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴኪዩር ቡት የሚባለው፣ ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር የሚከለክለው ጥበቃ ከበራ ከርነሉ ፊርማው ያልታወቀ ሞጁል አይቀበልም። ድራይቨሩ እዚያው ማሽኑ ላይ ተገንብቶ፣ ማሽኑ በራሱ በሠራው ቁልፍ ይፈረማል። ሰማያዊው ስክሪን «ይህን ቁልፍ ልመን ወይ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ዝም ካላችሁት ወይም እንደ እኔ «ኮንቲኒው ቡት» ካላችሁ ጥያቄው ይሰረዛል። ሞክዩቲል በሚባለው ትዕዛዝ ቁልፉን እንደገና አስመዘገብኩ። ሪስታርት ሳደርግ አይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩት። «ኤንሮል ሞክ» (ቁልፉን መዝግብ)፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ያችው የይለፍ ቃል። ዋይፋዩ መጣ።

መመሪያዎቹ ሴኪዩር ቡትን አታጥፉ ይላሉ። ማሽኑ ከቤት የማይወጣ ከሆነ አጥፉትና ተገላገሉ ባይ ነኝ። የእህቴን ግን አላጠፋሁትም። ሁለት ሌሊት ተሰቃይቼበት እንዴት አጠፋዋለሁ?

ያበሳጨኝ የመጨረሻው ነገር፦ የብሮድኮሙ ድራይቨር ለካ እዚያው ፍላሽ ላይ «ፑል» የሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የስልክ ዳታም አያስፈልገኝም ነበር። ዩኤስቢዋን ልመልስ ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ባለሙያው «ካርቶኑ ተቀዷል» አለኝ።