ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና፦ ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁን ስሙት

አድሮ ጠዋት አልነሳ የሚል፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ገና ቁልፍ ሲነካ የሚነሳ መኪና ለመካኒክ ማሳየት አስቸጋሪ ነው። ጋራዥ እስኪደርስ ሞተሩ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ብልሽቱ ይደበቃል። ስለዚህ ከታች ያለው ምርመራ ከሞላ ጎደል የሚሠራው መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ጋራዥ የምትወስዱት ከሆነ ማታ አስገቡትና እዚያው ይደር። የሞቀ ሞተር ላይ ቆሞ «ካንዴላ ነው፣ ፓምፕ ነው» የሚል ሰው የሚገምተው በእናንተ ገንዘብ ነው።

ብርድ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያከብዳል። የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረው ማስነሻ) የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ቤንዚኑም በቅጡ ስለማይተን አብዛኛው ፈሳሽ እንደሆነ የአየር መግቢያውና የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ እንዲቀጣጠል ከወትሮው አብዝቶ መርጨት የግድ ነው። በሙቀት ጊዜ ማንም ልብ የማይለው ትንሽ ድክመት ጠዋት ላይ የሚጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማዳመጥ ነው። ሞተሪኖው እየጎተተ፣ እያቃሰተ የሚያዞር ከሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ነዳጁን አትንኩ። እንደ ወትሮው ፈጥኖ እያዞረ ሞተሩ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ተዉት፤ ችግሩ ነዳጅ፣ እሳት (ካንዴላው የሚሰጠው ብልጭታ) ወይም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ አየሩን አምቆ የሚፈጥረው ግፊት) ጋ ነው። ይህን ሳይለዩ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አዲስ ባትሪ ገብቶለት አሁንም የማይነሳ መኪና ብርቅ አይደለም።

እየጎተተ የሚያዞረውን እንይ። ቴስተራችሁን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ። 12.6 ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 12.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሊባል ትንሽ ቀርቶታል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እናንተ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አልተሞላም ወይም አርጅቷል። ሞልታችሁት በማግስቱ ያው ከሆነ ይቀየር። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 የማያሳይ ከሆነ ግን አዲስ ባትሪም ብታስገቡ በሳምንቱ ያው ነው፤ ጥፋቱ ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከጎተተስ? እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚዘለው፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት አለ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ እርሳሱ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው በወጣው ጉጥ አናት ላይ ትከሉት። ሌላውን ጫፍ ጉጡን በሚያቅፈው የገመዱ ተርሚናል ላይ አድርጉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሚሊሜትር አይሞላም፤ ቁልፍ ሲዞር ግን ከ0.1 ቮልት በላይ ካያችሁ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ መሃል ገብቷል። ከላይ የሚያብረቀርቅ ተርሚናል ውስጡ ጥቁር ሊሆን ስለሚችል አይታችሁ አትመኑት። በዚሁ ዘዴ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጉጥ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ፤ ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት ከበለጠ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው ገመድ ብሎኑ ላልቷል ወይም ዝጓል። ከፖዘቲቭ ጉጥ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ደግሞ ከ0.5 መብለጥ የለበትም። ቴስተሩን ቮልት ላይ እንጂ አምፔር ላይ አድርጋችሁ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ፊውዙ ያኔውኑ ይቃጠላል።

ተርሚናል ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ። ከደረቀ በኋላ ጉጡንም የተርሚናሉን ውስጠኛ ክፍልም በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉት። ግሪስ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው።

ዘይትም አይረሳ። የመኪናው መጽሐፍ 5ደብሊው-30 እያለ 20ደብሊው-50 የተሞላ ሞተር በብርድ ይከብዳል። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ የሚናገር ነው፤ ባነሰ መጠን ይሻላል።

አሁን ፈጥኖ እያዞረ ወደማይቀበለው እንለፍ፤ ቤንዚን በኢንጀክተር የሚረጭ ሞተር ከሆነ። በመጀመሪያ ነጻ የሆነውን ሙከራ አድርጉ። ቁልፉን ዳሽቦርዱ እስኪበራ ድረስ ብቻ ክፈቱ፤ ፓምፑ ሁለት ሦስት ሰከንድ ድምፅ አሰምቶ ዝም ሲል መልሳችሁ ዝጉት። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አስነሱት። በዚህ ብቻ እጅ ከሰጠ ሌሊት ላይ ግፊቱ ከመስመሩ እየወረደ ነው፤ ሞተሩም መጀመሪያ የሚያዞረው ባዶ መስመር እስኪሞላ ነው። አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ሲስተም የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ሲሆን፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም አብዛኛውን ግፊት ይዞ መቆየት አለበት። የግፊት መለኪያ ጌጅ አስገብታችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዜሮ ከወረደ የሚያፈሰውን መለየት አለባችሁ። ከፓምፑ የሚመጣው ጎማ ሲጨመቅ ግፊቱ ከቆመ ቤንዚን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ ነው። ወደ ታንክ የሚመልሰው ሲጨመቅ ከቆመ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው። በሁለቱም ካልቆመ ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር ካንዴላ ጠዋት ረጥቦ ይገኛል። የሚጨመቀው እውነተኛ ጎማ ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ቱቦ ይሰነጠቃል። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ሞተሮች ላይ ግን ከፍተኛ ግፊት ያለበትን መስመር በእጃችሁ አትፍቱ።

ለእኔ በብዛት የሚታለፈው ጥፋተኛ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጨምር የሚወስነው ይህ ሴንሰር በሚነግረው ነው። የቀዘቀዘውን ሞተር «ሞቋል» ካለው ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም አይነሳም። ከልክ በላይ «ቀዝቅዟል» ካለው ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላውም ይረጥባል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ስካነር ይበቃል፦ ካደረ ሞተር ላይ የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት ከጥቂት ዲግሪ በላይ ሊለያዩ አይገባም። ውጭው 12 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 60 ካለ አገኛችሁት። ከዜሮ በታች 40 ካነበበ ሶኬቱ ወልቋል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ስካነር ከሌለ ሶኬቱን ነቅላችሁ በኦም ለኩት፤ ብዙዎቹ በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ያነባሉ። የዳሽቦርዱ ጌጅ ትክክል መሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ የቆዩ መኪኖች ለጌጁ ሌላ ሴንሰር አላቸው።

ካንዴላን በተመለከተ፦ ተራው ከ30 እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየሙ እስከ 100 ሺህ ይቆያል። ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናው መጽሐፍ እዩ። ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ቮልቱ በወረደበት ጠዋት ደግሞ ሰፊ ክፍተት መዝለል ለኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ለሚሰጠው ዕቃ) ይከብዳል። በቤንዚን ከታፈነ የአብዛኛውን መኪና ነዳጅ መስጫ ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ለ10 ሰከንድ አዙሩት፤ ኮምፒውተሩ መርጨቱን ያቆምና ሞተሩ ይደርቃል። ከ10 ሰከንድ በላይ ግን አታዙሩ፤ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ካላረፈ ሞተሪኖው ይቃጠላል።

ተነስቶ ነዳጅ ካልተሰጠው የሚጠፋ ከሆነ የአየር መግቢያው ክዳን በጥቀርሻ ተይዟል፣ ወይም ሚኒሞውን (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) የሚቆጣጠረው ቫልቭ ደርቋል። በካርቡራቶር ማጽጃና በጨርቅ ይጸዳል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ክዳን ከሆነ በጣት ገፍታችሁ አታስገድዱት። ካርቡራቶር ያለው ከሆነ የአየር ማጣሪያውን አንስታችሁ ቾኩን (በብርድ የሚገባውን አየር የሚቀንሰውን ክዳን) እዩ፦ በብርድ ሊዘጋ ምንም ያልቀረው መሆን፣ ሞተሩ እንደተነሳም ጥቂት ሚሊሜትር መከፈት አለበት።

ናፍጣ ሲሆን ጭሱ ይናገራል። ሲዞር ነጭ ጭስ ካወጣ ነዳጁ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው ሙቀት ነው፤ ካንዴሌታዎቹን (ናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) ፈትሹ። ምንም ጭስ ከሌለ ነዳጅ አልደረሰም፤ ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ጫኑት፣ መስመሩ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ካንዴሌታ ሲለካ ሽቦው ተነቅሎ ከጫፉ እስከ ሞተሩ ብረት 0.5 እስከ 2 ኦም አካባቢ ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ባትሪ ላይ በቀጥታ አገናኝቶ «ይቀላል ወይ» ብሎ መሞከር ለድሮዎቹ እንጂ ለአዲሶቹ አይሆንም፤ ከ12 ቮልት በታች የሚሠሩ ስላሉ ወዲያው ይቃጠላሉ። ስትፈቱ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን፤ ዝገት ማላቀቂያም ቀድማችሁ አጠጡት። በግድ ሲጠመዘዝ ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይሰበራል፤ ያኔ የአንድ ካንዴሌታ ሥራ ቴስታታ ወደ ማውረድ ይዞራል። ካንዴሌታ ያለው ሞተር ላይ ማስነሻ ኢተር መርጨት ደግሞ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) መስበር ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የቀረው ኮምፕሬሽን ነው። ለኩትና ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፍስሳችሁ ድገሙት፦ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካላለ ቫልቮላው ወይም ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ነው። ጠዋት ተነስቶ ለአንድ ደቂቃ አንድ ሲሊንደር ሳይሠራለት እየተንቀጠቀጠ ነጭ እንፋሎት የሚያወጣና የራዲያተር ውሃው በየሳምንቱ የሚጎድል መኪና ሌሊት ውሃ ወደ ሲሊንደር እያስገባ ነው። እሱን እንዳለ እያስነሱ መንዳት ኮኔክቲንግ ሮድ (ከፒስተኑ ጋር የተያያዘውን ዘንግ) እስከ ማጣመም ያደርሳል፤ ጓርኒሲዮኑ እስኪቀየር አቁሙት።