ቀይ ካርድ ያየ ሽሮ

ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ፣ ረቡዕ ምሳ ላይ ሽሮው ሳይነካ ቀረ። ሰልፍ ላይ ያለው ጿሚ ሁሉ ድስቱን አይቶ ያልፋል። በመጨረሻ አንዱ ደፍሮ ጠየቀ፦

«እትዬ፣ ሽሮው ቅቤ ገብቶበታል እንዴ?»

«ኧረ በጾም ምን ቅቤ አመጣህ! የዘይት ነው።»

«ታዲያ ቀዩ ወረቀት ምንድን ነው?»

ክበቡ በዚያ ሳምንት የአሜሪካ ጦር በመመገቢያ አዳራሾቹ የሚጠቀምበትን የቀለም ምልክት ተውሶ ነበር። እዚያ አረንጓዴ «አዘውትረህ ብላ»፣ ቢጫ «አልፎ አልፎ»፣ ቀይ «ከስንት አንዴ» ማለት ነው፤ የጨው መጠን ለብቻው ምልክት ይደረግበታል። አረንጓዴ የተሰጠው ምግብ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የራበው ሰው ቀድሞ ያየውን ያነሳልና። ጥሩ አሠራር ነው። ወጥ ቤቱ ግን ከድሮም የራሱ ቀለም ነበረው፦ አረንጓዴ ወረቀት ጾም፣ ቀይ ወረቀት ፍስክ። ይህን ሳያነሱ አዲሱን ለጠፉበት። የዚያን ቀን አረንጓዴ ያገኘው እንቁላል ተከትፎ የገባበት የድንችና የካሮት ሰላጣ ነው። ስንት ጿሚ እንዳነሳው ባይጠየቅ ይሻላል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ቀለም ለጤና ብቻ ቀረ፤ «ጾም» እና «ፍስክ» በትልቁ ተጽፈው፣ ፍስኩ ከነጭልፋው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። የወሎ ወጥ ቤት የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ሥጋ ለይቶ ማቅረብ ስለለመደ ለዚህ አስተማሪ አላስፈለገውም።

ቀዩ ካርድ ራሱ ግን ልክ ነበር። ጾም ሁሉ ቀላል ምግብ ይመስለናል። ለ100 ሰው ሽሮ የሚወጣው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሙሉውን ይገለበጥ ነበር፤ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 46 ግራም ገደማ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ሽሮውና እንጀራው ሳይቆጠሩ ዘይቱ ብቻ ከ400 ካሎሪ ያልፋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው የስብ ዓይነት ነው። ጨውም ሁለቴ ይገባል፦ አንዴ ከተዘጋጀው በርበሬ ጋር፣ አንዴ በእጅ። ለ100 ሰው 400 ግራም ከገባ ለአንዱ 4 ግራም ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

ካርዱን የሚያስዋሸው ጭልፋም አለ። አንዷ አስተናጋጅ 150፣ ሌላዋ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጭልፋ ከቀዱ ካርዱ ላይ የተጻፈው ካሎሪ ለማንም አይሠራም። ጭልፋውን ውኃ ሞልቶ በመለኪያ ጆግ መገልበጥ ነው፤ የማይመሳሰለው ከመስመሩ ይወጣል።

ዘይቱን በአንድ ቀን መቀነስ አይሞከርም። «ዘይቱ ካልተንሳፈፈ አልበሰለም» የሚል በላተኛ ሳህኑን ይመልሳል፤ ወጥ ሠሪዋም በማግስቱ ጀሪካኑን ትገለብጣለች። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ይቁላላ፤ ዘይቱ ከዚያ በጆግ ተለክቶ ይግባ። መጀመሪያ 4 ሊትር፣ አፍ ሲለምደው 3። በ3 ሊትር የአንዱ ሰው ድርሻ ወደ 250 ካሎሪ ይወርዳል። የሽሮው ካርድ ቢጫ የሆነው የመጋዘኑ ወጪ ደብተር ላይ 3 ሊትር ተከታትሎ ከታየ በኋላ ነው።