ልብ ሰቀላ በልብስ ገመድ

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን አጭር ልቦለድ ጽፋችሁ ኑ አልኳቸው። አንድ ገጽ፣ ርዕሱ ነጻ። 61 ወረቀት ሰበሰብኩና ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ማረም ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። ልጁ ጫካ ውስጥ ይሮጣል፣ ጅብ ይከተለዋል፣ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል፣ ልክ ሊወድቅ ሲል እናቱ "ተነስ፣ ረፈደ!" ትለዋለች። ህልም ነበር። 19ኙ ህልም ነበሩ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከቀሩት በብዙዎቹ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ መኪና ይገጨዋል፤ ታሪኩም አብሮት ይሞታል።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ልብ ሰቀላ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው በቃላቸው ይሉላችኋል። አንባቢው ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያለ በጉጉት እንዲጠብቅ የሚያደርግ የአጻጻፍ ዘዴ ነው። ያስጻፍኳቸው እኔው ነኝ። ፈተና ላይ ሲመጣም አይስቱትም። ግን በዚህ ትርጉም ታሪክ አይጻፍበትም። ወጥ ማለት በእንጀራ የሚበላ ነው ብሎ አስተምሮ፣ በሉ እንግዲህ ሥሩ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ልሞክር አልኩ። ሞከርኩ፣ ከሸፈብኝ። ቤት የነበረች አሮጌ የቆርቆሮ ሳጥን አለች። ጓጉንቸር ቆለፍኩባትና ሰኞ ጠዋት ክፍል ይዣት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ምንም አልተናገርኩም። ማክሰኞም እንደዛው። ሲጠይቁኝ ዝም። እስከ ረቡዕ ድረስ በጣም ደስ ይል ነበር፤ አንዱ የፈተና ወረቀት ነው ይላል፣ አንዷ እባብ ነው ትላለች። ሐሙስ ላይ ግን የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። አርብ ስከፍተው ባዶ ነበር (እኔ ባዶነቱ ጥልቅ ነገር መስሎኝ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ)። ከኋላ አንዱ "ቲቸር አሾፉብን እኮ" አለ። ልክ ነበር።

ለምን እንደከሸፈ የገባኝ ቤት ነው። የእህቴ ልጆች እንቆቅልሽ ይጫወታሉ።

"እንቆቅልህ!"

"ምን አውቅልህ?"

"ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?"

ሌላኛው ያስባል። መኪና ይላል፣ አይደለም። ነፋስ ይላል፣ አይደለም። ሲያቅተው "አገር ስጠኝ" ይባላል። ጎንደርን ሰጠሁህ ይላል። አሁንም መልሱ ወዲያው አይነገረውም፤ ጎንደር ገብቼ እንዲህ ስበላ እንዲያ ስጠጣ እየተባለ ይዘገይበታል፣ ላላወቀውም ስድቡ ይወርድበታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወንዝ የሚባለው። ስንት ዓመት የተጫወትኩትን ጨዋታ እንደ አዲስ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። እንቆቅልሽ አይደብቅም። ምልክቱን በሙሉ ይሰጥሃል። ይሄዳል፣ ቀንም ሌሊትም ነው፣ አይደክመውም። ሰሚውን አላስቀምጥ የሚለው ያወቀው ነገር ነው፤ ከዚያ ነው መዘግየቱ የሚሠራው። የኔ ሳጥን ግን ቁልፍ ብቻ ነበረች። ምንም ላልሰጠኸው ሰው ምኑን ታዘገይበታለህ?

የልጆቹም ችግር ይኸው ነበር። ልብ መስቀል ማለት መደበቅ መስሏቸዋል። ሁሉንም ነገር ይደብቁና መጨረሻ ላይ ቧ! ያደርጉታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሕግ አወጣሁ። ህልም ነበር ማለት ክልክል ነው። በመጨረሻው አንቀጽ ሰው መግደልም ክልክል ነው። ከዚያ ደግሞ ጠበብ አደረግሁት። ታሪኩ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፍጅ፣ ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ ታክሲ አይውጣ፣ ሰዎቹ ከአራት አይብለጡ። አጉረመረሙ። መቼቱ ሲጠብ ግን ከጅብና ከገደል ወጥተው ወደሚያውቁት ቤት ገቡ። አንዱ ስለ ሚኒባስ ጻፈ፤ ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ልጁ ኪሱ ውስጥ ያለው የጎደለ ሳንቲም ነው። በቃ ይሄው ነው ታሪኩ። ከስንቱ ገደል ይሻላል።

መጨረሻ ረድፍ ከምትቀመጥ፣ እጇን አውጥታ ከማታውቅ ልጅ ያገኘሁት ግን ዓመቱን ሙሉ አስተማረን። ታሪኩ እንዲህ ነው። እሑድ ነው። እናት የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ናት። ብሩ በመሃረብ ተቋጥሮ ሙዳይ ውስጥ ተቀምጧል። ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ይጫወታሉ። ከዚያ እናት ቋጠሮውን ፈትታ ስትቆጥር 2,000 ብር ጎድሏል። ጩኸት ይሆናል፣ ተከራይዋ ትጠረጠራለች። የመጨረሻው አረፍተ ነገር "ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ" ይላል። ክፍል ውስጥ ሲነበብ "ጥሩ ነው" ተባለና ታለፈ።

አስፈቀድኳትና አረፍተ ነገሮቹን በትልልቁ በተቆራረጠ ካርቶን ላይ ጻፍኩ። ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መስኮቱ ሲባጎ ወጠርን፣ ካርቶኖቹን በየተራ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን። ቀልደኛ አይጠፋምና ክፍለ ጊዜውን "ልብስ ሰቀላ" አሉት፤ እስከ ሰኔ ድረስ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ቃል መለወጥ አይፈቀድም፣ የካርቶን ቦታ መለወጥ ብቻ። በቡድን እየወጡ ያዘዋውራሉ። ምልሰት የሚባለውን ነገር፣ ታሪኩን ከመሃል ወደ ኋላ መመለስን፣ አንዱ ቡድን ሳያውቀው ሠራው፤ ሁለተኛው ቡድን ተከራይዋን ፊት አመጣት፣ ብዙም አልሆነ። ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ ተነሳና የመጨረሻዋን ካርቶን ነቅሎ መጀመሪያ ላይ ሰቀላት። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ።

"ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እናቴ ቡና እየቆላች ነው።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቡና መቁላት እኮ ነው። አንድ ፊደል ሳይነካ የቡናው ሽታ አስፈሪ ሆነ። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ፣ ሲኒው ሲደረደር፣ ጎረቤት "ቤቶች!" ብላ ስትገባ፣ ቅድም ዝም ብለው የሰማናቸው አረፍተ ነገሮች በሙሉ ወደዚያች መሃረብ የሚወስዱ ደረጃዎች ሆኑ። ደራሲዋን አየኋት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ በራሷ ታሪክ ትጨነቃለች።

አልፍሬድ ሂችኮክ የሚባለው የፊልም ዳይሬክተር ይህን ነገር በቦምብ ነበር የሚያስረዳው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፣ ከሥሩ ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ ቦምቡን አስቀድሞ ካየ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። ይህን ለክፍሉ ነግሬያቸው ነበር፣ ከእቁቡ በፊት። ጻፉት፣ ረሱት። እቁቡን ግን የሚረሳው የለም፤ እቁብ የማይጥል ቤት የማን ነው? ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ውስጥ እንደ ወንድ የለበሰች ልጅ አለች። እኛ አንባቢዎች እናውቃለን፣ በፍቅሯ የወደቀችው የንጉሡ ልጅ ግን አታውቅም። ገጹን የሚያስገልጠን ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ማዘግየት ነበር። እሱን እንዴት እንደማስተምር አላወቅሁም፣ ያወቀችው እሷው ናት። በሁለተኛው ረቂቅ ታሪኩን በቡናው ከፈለችው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እናትየው "ከበረካ በኋላ እንቆጥራለን" ትላለች። በቃ፣ ሰዓት ተሞላ። አቦል ላይ ሴቶቹ እጣው ለማን እንደሚወጣ ይገምታሉ፣ ልጅቷ ፈንዲሻ ታዞራለች። ቶና ላይ አንዷ እንግዳ ለቅሶ ቤት መድረስ አለብኝና "በረካውን ተዉት፣ አሁኑኑ ቆጥረን እጣው ይውጣ" ትላለች። እዚህ ጋ ክፍሉ "ኧረ ቁጭ በይ!" ብሎ ጮኸባት። በወረቀት ላይ ባለች ሴትዮ ላይ! ደራሲዋ ሰዓቱን ሞልታ ስታበቃ አሳጠረችው፣ ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

61 ልጅ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ እያንዳንዱን ታሪክ ቁጭ ብሎ መተቸት የማይታሰብ ነው። የእስክሪብቶውን ዘዴ የፈጠርኩት ለዚህ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሁሉ እስክሪብቶውን ይይዛል። ቀጥሎ ያለውን ማወቅ ስትፈልጉ ከፍ አድርጉት፣ ሲሰለቻችሁ ዴስኩ ላይ አስቀምጡት። ማንም አይናገርም። አንባቢው ቀና ሲል የእስክሪብቶ ደን ያያል፣ ወይም ባዶ ሜዳ። የት ጋ እንደወደቀ ያያል፣ ወረቀቱ ላይ መስመር ያሰምራል፣ ቤቱ ወስዶ ያችን ቦታ ያስተካክላል። ከመምህር ቀይ ብዕር ይልቅ ይሄ ያማቸዋል። በእርግጥ ጓደኛቸውን ለማናደድ ብቻ እስክሪብቶ የማያነሱ ወንበዴዎች አሉ፤ እነሱን መጀመሪያ እንዲያነቡ ታደርጋላችሁ፣ ይታረማሉ። ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ የሚወድቀው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? "በጣም አስፈሪ ነበር"፣ "በጣም ጨነቀኝ" የሚል አረፍተ ነገር ላይ። ያለማጋነን ሁልጊዜ። ፈራሁ ሲል ሰሚው መፍራቱን ያቆማል። ፈንዲሻው ከሰፌዱ ላይ ተበተነ ሲል እስክሪብቶ ይነሳል።

ወደ ሚኒ ሚዲያው ልምጣ። በየትምህርት ቤቱ ያለችውን ነገር ታውቋታላችሁ፤ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክ፣ ግቢው ላይ ሁለት የሚያንቃቃ ድምፅ ማጉያ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ፣ በእረፍት ዘፈን። የክበቡን ልጆች ለመንናቸው፣ የእቁቡን ታሪክ በአራት ክፍል ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሊያቀርቡ ተስማሙ። በእረፍት ሰዓት፣ በቀን አምስት ደቂቃ። ዋናው ሥራ የት እንደሚቆረጥ መወሰን ነበር፤ በዚህ ላይ የተከራከሩትን ያህል በሌላ በምንም ሲከራከሩ አላየሁም። አንዱ ወገን እናትየዋ ቋጠሮውን ስትፈታ ይቆረጥ ይላል፣ ሌላው ገና እጇን ወደ ሙዳዩ ስትሰድ። ደራሲዋ ሁለቱንም ሰምታ "እጇን ስታብስ" አለች። እጇን በመቀነቷ ስታብስ። በዚያ ቆረጥነው።

ለድምፁ ሲኒና ጀበና ከቤት መጣ። የቡና ቁላቱ ድምፅ ሽንብራ በቆርቆሮ ሳጥን ነበር። አዎ፣ ያቺ ሳጥን። በመጨረሻ ለሥራ በቃች።

ሰኞ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። ማክሰኞ ድምፅ ማጉያው ሥር ጥቂት ልጆች ቆሙ። ረቡዕ የእንግዳዋ "አሁኑኑ ቆጥረን" ሲመጣ ከካፍቴሪያው ሳምቡሳቸውን እንደያዙ የወጡ ነበሩ፣ ደወል ተደውሎም አልገቡም። ዩኒት ሊደሩ ጠሩኝና ክፍለ ጊዜ እየባከነ ነው አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ተከራይዋን ያስወጧታል እንዴ?" አሉኝ።

ሐሙስ። በረካው ተቀዳ። አንባቢው ልጅ ድምፁን ቀስ አደረገ። እናት እጇን አብሳ ሙዳዩን ከፈተች፣ መሃረቡን አወጣች፣ ቋጠሮው ጠብቆባት በጥርሷ ያዘችው፣ "ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው?" አለች፣ ወደ ልጇም ዞር አለች፣ ከዚያ

መብራት ሄደ።

ከግቢው የወጣው ጩኸት ኳስ ሜዳ ላይ ጎል ሲሳት እንደሚሰማው ነበር። አርብ ቀኑን ሙሉ መብራት አልመጣም። ልጅቷ አፍ ለአፍ እንድትነግራቸው ከየክፍሉ እየመጡ ከበቧት፤ የአስረኛ ክፍል ልጆች ሁሉ። አንዱ ሳምቡሳ እገዛልሻለሁ አላት፣ አንዷ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ልትሠራላት ተስማማች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እጇን አውጥታ የማታውቀዋ ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"አገር ስጡኝ" አለች።

ሐዋሳን ሰጧት። ጅማን ጨመሩላት፣ ባህር ዳርንም። እየሳቀች አገሩን ሁሉ ተቀበለችና ሰኞ አለቻቸው። ለኔም አልነገረችኝም፤ መጨረሻውን እሑድ ማታ ቀይራው ኖሮ፣ እኔም ሰኞ ድምፅ ማጉያው ሥር ቆሜ ነው የሰማሁት።